ስለ ማታው ማንም አልነገራቸውም

መካነ ሰላም ውስጥ አዲስ ሰው መግባቱን ከቀበሌው ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። ወሬ ስለምወድ አይደለም፤ ቁልፍ ስለምሸጥ ነው። ከገጠር መጥቶ ቤት የተከራየ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው የበር ቁልፍ ነው። ቀጥሎ ሚስማር ይላል፤ ትንሽ ሰንብቶ ደግሞ የልብስ ማስጫ ሽቦ። ቤት የገዛ ከሆነ ቆርቆሮና ማጠፊያ ያዛል። ከዓረብ አገር የተመለሰች ከሆነች ቀለም ታስመርጠኛለች፤ በመረጠችው ቀለም ስንት ዓመት እንደቆየች እገምታለሁ፤ ብዙም አልስትም።

ቁልፉን ይዞ ሊወጣ ሲል የማይቀር ጥያቄ አለው። «እዚህ ከተማ ደንቡ እንዴት ነው? የማይፈቀድ ነገር ምን አለ?» ይለኛል። ያን ጊዜ መልሴ አንድ ነበር፤ «ስትቀጣ ታውቀዋለህ።» እንሳሳቅና ይሄዳል።

ለቀልድ ብቻ አልነበረም የምለው። እኔ ራሴ የተማርኩት እንደዚያ ነው። የሱቄን ሸራ ወደ እግረኛው መንገድ አስረዝሜ ተቀጣሁ፤ ሸራ እስከየት እንደሚዘረጋ ያኔ አወቅሁ። ባልዲና አካፋ ደጅ ደርድሬ ተቀጣሁ። ከሱቄ ፊት ያለውን ቦይ ሳልጠርግ ክረምት ገባና ተቀጣሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን ከተማው አስተምሮኛል፤ እያስከፈለ። ስለዚህ ሌላው ሰው በነፃ የሚማርበት ምክንያት አይታየኝም ነበር።

አሁን ያን መልስ ትቼዋለሁ። ያስተወኝን ነገር ልንገራችሁ።

የተወለድኩት ለጋምቦ ነው፤ ከአቀስታ ወዲያ፣ ሰው በሰኔም በጥርም ጋቢውን ከትከሻው የማያወርድበት ደጋ። እናቴ ስትሞት አባቴ ጋሽ ይመር እዚያ ብቻቸውን ቀሩ። ያው ዓመት ሳያልቅ ደረታቸውን ብርድ መታቸው። ጎረቤት ጭስ ከቤታቸው አለመውጣቱን አይቶ በር ባይገፋ ኖሮ አሁን የምጽፍላችሁ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ «ይኼ ደረት ሌላ ክረምት እዚህ አይችልም» አለኝ። እኔም ሄጄ ለመንኳቸው።

«አባባ፣ ከእንግዲህ እዚህ ብቻዎን አያድሩም።»

«ማን ብቻዬን ነኝ አለህ?» አሉና በአገጫቸው ወደ ደጅ አመለከቱ።

ደጅ የተኛው ውሻቸው ነው። እንደ በግ ጠጉሩ የጎፈረ፣ አመድማ፣ አንድ ጆሮው በቡችላነቱ የተቆረጠ። ስሙ ታዘብኩህ ይባላል። እኛ አገር ለውሻ ስም ሲወጣ ለውሻው ተብሎ አይደለም፤ ሲጠራ እንዲሰማ የሚፈለግ ሰው አለ። ይኼኛው እኔ ከቤት ከወጣሁ በኋላ የመጣ ስለሆነ፣ ከአጥር በላይ ካለው ጎረቤት ጋር በድንበር ተጣልተው ያወጡለት ይመስለኝ ነበር፤ ጠይቄም አላውቅ።

ብዙ ተከራክረን ተስማማን። በሬዎቹ ለዘመድ በእኩል ተሰጡ፣ በጎቹ ተሸጡ፤ ውሻው ግን አብሮ ይመጣል። «እስከ መስቀል እሞክረዋለሁ» አሉ። «ካልሆነልኝ ቤቴ እመለሳለሁ፤ ያኔ እንዳትከለክለኝ።» እሺ አልኩ። ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ዕቃውን ካወረደ በኋላ መልሶ እንደማይጭን አውቃለሁ። ደግሞም ያ ቤት ከተመለሱ ቀጥሎ የምሄደው ለመቅበር መሆኑ ግልጽ ነበር።

ከበሩ አጠገብ ያለችውን ሰርቢስ ቤት አጸዳንላቸው። ባለቤቴ ዘውዴ ከትንሹ ልጃችን ጋር አዲስ ፍራሽ አነጠፈች። አባቴ ግን ፍራሹን የሚያዩት ለማረፊያ ብቻ ነው፤ ቀኑን ከበሩ ላይ ቁጭ ብለው ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ሰላም ይላሉ። እንደ ገጠር ሰላምታ የከብቱንም የልጁንም ደህንነት ስለሚጠይቁ፣ ለሥራ የሚጣደፍ ሰው በሌላ መንገድ መዞር ጀመረ።

ሳትዞር የምትቆመው ጎረቤታችን ሐዋ ብቻ ነበረች። ከጅዳ ተመልሳ አጠገባችን ቤት የሠራች፣ ፊቱን አረንጓዴ የቀባች፤ ቀለሙን እኔ ነኝ የሸጥኩላት።

«አባባ ይመር፣ ሰላም አደሩ?» ትላቸዋለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ» ይላሉ አባቴ፤ እሑድን ከቤተ ክርስቲያን ቀርተው የማያውቁት። ወሎ ነው፤ ማንም አይገርመውም።

«ይኼ ታዘብኩህ ደግሞ ሲጮህ አደረ።»

«ሥራው ነው። ዝም ሲል ነው መፍራት።»

«እኔን አላስተኛኝም እኮ።»

«ሌባውንም አላስተኛውም።»

ኑሮ እንዲህ እየተለመደ ሳለ ነው ክረምቱ አጋማሽ ላይ ያ ባጃጅ የመጣው። ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ በየሰፈሩ ይዞራል። እኔ ሱቄ ሆኜ፣ አባቴ ከበሩ ላይ ሆነው እኩል ሰማን። «የከተማችን ነዋሪዎች፣ የእብድ ውሻ በሽታን ለመከላከል ባለቤት የሌላቸው ውሾች ስለሚወገዱ፣ ከነገ ጀምሮ ለአራት ቀን ውሻ ያላችሁ ውሻችሁን አስራችሁ እንድታቆዩ እናሳስባለን።» ዓመት ዓመት የሚነገር ነው። ተለቀው የሚዞሩትን በመርዝ ነው የሚያስወግዷቸው። ደስ የሚል ሥራ አይደለም፤ ግን ባለፈው ዓመት አንዲት ሕፃን ተነክሳ ለመርፌ እስከ ደሴ ተወስዳ ነበርና ማንም አይከራከርም።

ማታ ቤት ስገባ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ስለ ውሻ የተባለውን ሰምተዋል?»

«ጆሮዬ ደህና ነው። እሰሩ አሉ፤ እናስራለና።»

በማግስቱ ለምሳ ስመጣ ታዘብኩህ አባቴ ራሳቸው በገመዱት ገመድ ከግንቡ ጥግ ታስሯል። ውሃውም አጠገቡ አለ። ቋጠሮውን አየሁት፤ በሬ የሚያቆም ቋጠሮ ነው። ልቤ አረፈና ወደ ሚስማሬ ተመለስኩ። በሁለተኛውም ቀን ምሳ ሰዓት እንደዚያው ታስሮ አገኘሁት። አምሽቼ ስገባ ግን ማን ልብ ብሎ ያያል? ራቴን በልቼ ተኛሁ።

ሲነጋ ዘውዴ ቀሰቀሰችኝ። «አባባ በሩን ከፍተው ቆመዋል፤ ሊሄዱ ነው መሰለኝ» አለችኝ።

ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ወደ መንገዱ ያያሉ።

«ታዘብኩህ አልገባም» አሉ።

«ከየት ነው የሚገባው? ታስሮ የለም እንዴ?»

«ቀን ታስሮ ዋለ። ሲመሽ ፈታሁት።»

መጀመሪያ የሰማሁትን አላመንኩም። «አባባ፣ እሰሩ ተብሎ እኮ ነው።»

«አሰርኩ እኮ። ሁለቱንም ቀን አስሬ አዋልኩት።» ከዚያ እንደ ሕፃን ተመለከቱኝ። «ማታማ ውሻ ይታሰራል እንዴ? ማታ ካሰርከው ምን ሊሠራልህ ነው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። እዚያ እኛ አገር ውሻ እሰር ማለት ቀን እሰር ማለት ነው፤ እንግዳ እንዳይነክስ። ሲመሽ ይለቀቃል፤ ጅብ አለ፣ ሌባ አለ፣ በረት አለ። ማታ ውሻውን አስሮ የተኛ ሰው ካለ ሰክሯል ማለት ነው። አባቴ የተባሉትን አልጣሱም፤ ከለጋምቦ እንዳወቁት አድርገው አክብረውታል። መርዙ የሚጣለው ደግሞ ሲመሽ ነው፤ ሰውና ከብት ከመንገድ ሲገባ።

ይህን ሁሉ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? «እንፈልገዋ» ብቻ አልኳቸው።

ሐዋ ደጇን ስትጠርግ አገኘናት።

«ትናንት ማታ በናንተ በር ሲወጣ አይቸዋለሁ። ወደ መናኸሪያው ነው የወረደው» አለች። ፊቴን አይታ መጥረጊያዋን አቆመች። «ወላሂ እናንተ እያወቃችሁ የላካችሁት ነው የመሰለኝ። ልጠራው ብዬ ደግሞ... እኔ ውሻ መንካት...»

«አብሽሪ፣ ልጄ» አሏት አባቴ። «ያንቺ ሥራ አይደለም።»

በመናኸሪያው ዞርን። ለአቀስታና ለአጅባር የሚጮሁት ረዳቶች መሃል አባቴ «ታዘብኩህ፣ ታዘብኩህ» እያሉ ሲያልፉ አንዱ ረዳት፣ «አባቴ፣ እኔ ምን አድርጌ?» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። አባቴ አልሰሙም። የከብት ገበያውን አጥር ዞርነው፤ እዚያ ሦስት ውሾች ተዘርረው አየን። አባቴ እያንዳንዱ ጋ ቆሙ። በዱላ አልነኳቸውም፤ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ብቻ አይተው አለፉ።

ከዚያ ትራክተሩን አገኘነው። ከኋላው ተሳቢ አለ፤ ሁለት የጽዳት ሠራተኞች አፋቸውን በጨርቅ ሸፍነው እየጫኑ ነው። አንደኛው በዕድሜ የገፋ፣ ቀጭን ሰው ነው።

«የምትፈልጉት አለ?» አለ ጨርቁን ዝቅ አድርጎ።

«ውሻ ጠፍቶብን ነው» አልኩ።

«ምን ይመስላል?»

«አመድማ። ጠጉሩ የጎፈረ» አሉ አባቴ። «ግራ ጆሮው የተቆረጠ።»

«እዚህ የለም አባቴ።» ከዚያ ወደ ተሳቢው ሲያዩ አያቸውና፣ «ካላመኑኝ ይዩት» ብሎ እጁን ሰጣቸው። አባቴ ጎማው ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ አዩ። ሲወርዱ ፊታቸው ላይ ተስፋ አየሁ፤ እኔም ተስፋ አደረግሁ።

«ባለቤት እያለው ለምን ለቀቃችሁት?» አለ ሰውየው፤ ለወቀሳ ሳይሆን እንደሚገርመው ሰው።

አባቴ መለሱለት። «አስሬው ነበር። ማታ ፈታሁት።»

ሰውየው ወደኔ ዞረ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ሰውየውም፣ «ወደ ወራጁ ውሃ ውረዱ» አለን። «የበላ ውሻ ውሃ ይፈልጋል።»

ወረድን። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ስር ወራጇ ደፍርሳ ትወርዳለች። ታዘብኩህ ዳር ላይ ነበር፤ ሁለቱ የፊት እግሮቹ ውሃው ውስጥ ናቸው። አባቴ አጠገቡ ተቀመጡ፤ እርጥብ ሣር ላይ። እኔም አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

በመጨረሻ እሳቸው ጀመሩ።

«ይኼን ስም ማን እንዳወጣለት ታውቃለህ?»

«ለበላዩ ጎረቤት የወጣ ይመስለኝ ነበር።»

«እናትህ ናት። ለኔ ነው ያወጣችው።» ጠጉሩን ከዐይኑ ላይ ገለል አደረጉለት። «አንተ ሱቁን ስትከፍት ልጃችን ጋ እንውረድ፣ እርጅናችንን ከተማ እንሁን አለች። እኔ እምቢ አልኩ። የማላውቀው አገር ገብቼ ማን ነህ ልባል ነው አልኳት። እሷም መለስ ብላ አልጠየቀችኝም። ቡችላ ከእናቷ ቤት አምጥታ ደጅ ላይ ቆማ፣ 'ና ታዘብኩህ' አለችው። ከዚያ እስክትሞት በየቀኑ ስትጠራው እሰማት ነበር። አንዳንዴ ውሻው አጠገቧ ተኝቶ እያለ ትጠራዋለች።»

ፈገግ ያሉ መሰለኝ። «እሷ ስትሞት መምጣት ያለበት እሱ ነው ብዬ ነው ያመጣሁት። ያንተ ዘውዴ ፍራሽ አንጥፋ እኔን ስታስገባ፣ ከዚህ ቤት መግባት የነበረባት ሌላ ናት እል ነበር። ቢያንስ ውሻዋ ገባ።»

ጉድጓድ ልቆፍር ብዬ አካባቢውን ስቃኝ ትራክተሩ ከላይ ቆመ። ቀጭኑ ሰውዬ ወደኛ ወረደ። የሆነውን አይቶ ኮፍያውን አወለቀ።

«አባቴ፣ እዚህ መቅበር አይፈቀድም። ታች ሰው ይቀዳዋል፣ ከብት ይጠጣዋል። ግቢ ውስጥም አይሆንም።»

ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ እጄን ያዙኝ። «የት ነው የሚፈቀደው?» አሉት።

«ከከተማ ውጭ የተቆፈረ አለ። እዚያ ነው ሁሉም።»

«እሺ። በእግሩ እንዳትጎትቱት ብቻ።»

ሰውየው ባዶ ማዳበሪያ አመጣ። አባቴ ጠቅልለው ራሳቸው ተሸከሙት፤ እኔ ልረከብ ስል አልሰጡኝም። ተሳቢው ላይ ሲደርሱ ሰውየው ከታች ደገፈላቸውና ከሌሎቹ ለየት አድርገው ጥግ ላይ አስቀመጡት።

ቤት እንደገባን አባቴ ጓዛቸውን ማሰር ጀመሩ። ጓዝ ማለት አንድ ጋቢ፣ አንድ ብርድ ልብስና መጥረቢያቸው ነው።

«ነገ መኪና ፈልግልኝ» አሉ።

«እስከ መስቀል ነበር የተባባልነው።»

«ነበር።»

«አባባ፣ ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። የከተማው ደንብ...»

«እኔ ማንንም ክፉ አላልኩም። ሕግ ያለበት አገር ነው፣ ደግ። ግን እኔ የማላውቀው ሕግ ነው። ዛሬ ውሻ ነው የወሰደብኝ፤ ነገ የልጅህን እጅ ይዤ የማይገባበት እገባ ይሆናል። እዚያ እኔ ሰው የምጠይቀው የለም፤ እኔ ነኝ የምጠየቀው። እዚህ ደጅህ ላይ ደንቆሮ ሆኜ መቀመጥ አልችልም።»

ስለ ደረታቸው ነገርኳቸው፤ ያውቁታል። ስለ መንገዱ ጭቃ ነገርኳቸው፤ ሳቁብኝ።

ከሰዓት ሐዋ ሻይ በፔርሙዝ ይዛ መጣች። ጓዙን አየችው፤ እንዳላየች ሆና ተቀመጠች።

«አባባ ይመር፣ ጅዳ እንደገባሁ የደረሰብኝን ነግሬዎት አላውቅም» አለች።

«አልነገርሽኝም።»

«እመቤቲቱ ልትወጣ ስትል፣ 'እኔ እስክመለስ ለማንም እንዳትከፍቺ' አለችኝ። እሺ። ቀትር ላይ አንድ ሰውዬ መጥቶ በር ይደበድባል። ይጮሃል፣ ይለምናል። እኔ ምን አገባኝ፣ ታዝዣለሁ፤ አልከፈትኩም። በዚያ ሐሩር ውጭ ዋለ።»

«ማን ኖሯል?»

«ባሏ። ቁልፉን ረስቶ የወጣ።»

አባቴ ከማለዳ ጀምሮ ያልሳቁትን ሳቁ፤ እስኪያስላቸው።

«አላባረሩሽም?»

«ሊያባርሩኝ ነበር። 'ለማንም ማለት ለሱም ነው እንዴ? ይኼ እንዴት ይጠፋሻል?' ትለኛለች። ለሷ የታወቀ ነው፤ ቤቷ ነው፣ ባሏ ነው። ለኔ ማን ነገረኝ? ከዚያ በኋላ ግን ብልሃት አገኘሁ። አንድ ነገር ሲያዙኝ 'እንዲህ ቢሆንስ? እንዲያ ቢሆንስ?' እያልኩ ማድረቅ ነው። ደደብ ናት ተባልኩ። ደደብ እንደተባልኩ ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ ያውና ቤቱ።» በእጇ አረንጓዴውን ግንብ አሳየች።

አባቴ ሻዩን ጨርሰው ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«አራጋው» አሉኝ። «በባጃጅ የሚናገረውን ሰው ማግኘት ይቻላል?»

ፈራሁ። ሽማግሌ በቁጣ ማዘጋጃ ቤት ሲገባ መጨረሻው አያምርም፤ የንግድ ፈቃድ የማሳድሰውም እዚያው ግቢ ነው። ግን ነገ የሚሄድ ሰው የጠየቀውን እንዴት እከለክላለሁ? ወሰድኳቸው።

የሚናገረውን ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ሹራብ የለበሰ ወጣት ነው። ስንገባ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። ስለ ውሻ መሆኑን ሲሰማ ፊቱ ተቀየረ፤ የለመደው ስድብ ያለ ይመስላል።

«አባቴ፣ ሕፃን ተነክሳ ነበር። አስቀድመን ነግረናል፤ በሕግ...»

«ደግ ሠራችሁ» አሉት አባቴ። «ልጅ ከውሻ ይበልጣል። ልከስ አልመጣሁም።»

ወጣቱ ወደኔ አየ። እኔም የሚቀጥለውን አላውቅም።

«ነገም ትናገራላችሁ?»

«አዎ፣ ነገ የመጨረሻ ቀን ነው።»

«እንግዲያው ቃል ልትጨምርበት ነው የመጣሁት። 'ቀንም ሌሊትም እሰሩ' በል።»

«አባቴ፣ እሱማ ይታወቃል።»

«እኔ አላወቅኩም።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ከደጋ የመጣሁ ነኝ። ቀን አሰርኩ፣ ማታ ፈታሁ። እኛ አገር እሰር ሲባል እንደዚያ ነው። እዚህ ከተማ የገባሁት ገበሬ እኔ ብቻ ብሆን ዝም እል ነበር።»

ወጣቱ እስክሪብቶውን ሲያዞር ቆየ። «አያቴም ቤት እንደዚያ ነበር» አለ በኋላ፤ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «ልጅ ሆኜ ለእረፍት ስሄድ ሲፈታው አይቻለሁ።» ከዚያ፣ «ይባላል አባቴ» አለ።

ሲሸኘን እስከ በር መጣ። እኔ ግን ብዙ «ይባላል» እና «ይታያል» የሰማሁ ሰው ነኝና በልቤ ከቁምነገር አልቆጠርኩትም።

በማግስቱ ጠዋት መኪና ልፈልግ ስወጣ አባቴ ከበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ጓዙ ከኋላቸው ታስሮ ተቀምጧል። ባጃጁ ከላይ ሰፈር ሲመጣ ሰማነው። እኔም ቆምኩ። «...ዛሬ የመጨረሻው ቀን በመሆኑ ውሻ ያላችሁ ነዋሪዎች ውሻችሁን ቀንም ሌሊትም ሳትፈቱ አስራችሁ፣ ደግሜ እላለሁ ሌሊትም ሳትፈቱ...» እያለ በፊታችን አለፈ።

አባቴ እጃቸውን እንደ ሰላምታ ከፍ አደረጉለት። ነጂው ማን እንደሆኑ ሳያውቅ ራሱን ነቅንቆ ሰላምታቸውን መለሰላቸው።

መኪናውን ልፈልግ ወይስ ልተወው ብዬ ስቆም፣ «ሱቅህ የት ነው ያልከኝ?» አሉኝ። ከመጡ ጀምሮ አንድም ቀን አይተውት አያውቁም ነበር።

ወሰድኳቸው። የሚስማር ካርቶን ላይ ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጎልማሳ ከእነሚስቱ የበር ቁልፍ ሊገዛ ገባ፤ ከአጅባር ወዲያ ካለ ገጠር ገና በሳምንቱ መግባታቸው ነው። «ወንድሜ፣ የዚህ ከተማ ደንቡ እንዴት ነው?» አለኝ እንደ ሁሉም። እኔ የለመድኩትን ቀልድ ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ ቀደሙኝ።

«ውሻ አለህ ልጄ?»

«ላም ነው ያለችን» አለች ሚስቱ።

«ውሃ የት ትጠጣለች?»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። አባቴም አያውቁትም ነበር። ወደኔ ዞሩ። «ላምን በአስፋልቱ መንዳት ይፈቀዳል?» አሉኝ። እኔም በሱቅ የቆየሁበትን ዘመን ሁሉ ሳስብ፣ ከብት መልቀቅ እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ወደ ውሃ ነድቶ ማሻገር ይቻል አይቻል ግን አላውቅም። «እንጠይቅ» አሉ አባቴ፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ። ሦስቱም ወደ ቢሮው ሄዱ። ማታ ስንገባ ጓዛቸውን ማን እንደፈታው አልጠየቅኩም።

መስቀል ሲደርስ አንድ የአገራችን ልጅ ለበዓሉ ሰው ሊያወጣ አይሱዙውን በራችን ላይ አቁሞ፣ «ጋሽ ይመር፣ ከፊት ቦታ ይዣለሁ» አላቸው።

«ሂድ፣ መንገዱ ይቅናህ» አሉት። «እኔ ቀጠሮ አለኝ፤ ድንኳን የት እንደምተክል ይጠይቁልኝ ብሎ የሚጠብቀኝ ሰው አለ።»

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ እዚህ ከተማም ሆነ ሌላ ከተማ ልትገቡ ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ከእኔ ስሙ። ደንብ ሲነገራችሁ ግማሹ ነው የሚነገራችሁ። የቀረውን ግማሽ የሚናገረው ሰው ይታወቃል ብሎ ትቶታል፤ ተንኮል የለበትም፣ ከተወለደ ጀምሮ ስለሚያውቀው ነው። ቦይ ጥረጉ ይሏችኋል፤ የጠረጋችሁትን ጭቃ ዳር ከተዋችሁት በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ እንደሚገባና እንደሚያስቀጣችሁ አይነግሯችሁም። ድንኳን በፈቃድ ነው ይሏችኋል፤ ለሠርግ ብቻ ይመስላችኋል፤ ለልቅሶም ነው፤ ሰው በሞተባችሁ ሰዓት ደግሞ ይህን ለመማር ጊዜ የላችሁም። ድንጋይና አሸዋ ደጃችሁ ማራገፍ ይቻላል፤ እንዳራገፋችሁት ከሰነበተ ግን ምጥ የያዛት ሴት የጫነ መኪና አያልፍም። ተከራይ ስታስገቡ አሳውቁ ይባላል፤ የእህታችሁ ልጅም ቢሆን። እነዚህን እኔ ያወቅኋቸው ሱቄ ውስጥ ካርቶን ላይ ከተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነው፤ እሳቸውም ያወቋቸው ሰው ሁሉ እስኪሰለቻቸው በመጠየቅ ነው።

ደንቡን ብቻ አትጠይቁ። የመጣችሁበት አገር ነገሩ እንዴት እንደነበረ ተናገሩና፣ «እንዲህ ነው የማውቀው፤ እዚህስ?» በሉ። ያኔ የሚመልስላችሁ ሰው እሱም የማያውቀውን ያገኛል። ካላፈራችሁ ነው ታዲያ። ማፈር ውድ ነው፤ እኔ ብዙ ነገር ሸጬ አውቃለሁ፣ እንደሱ የሚያስከፍል አላየሁም።

አባቴ አሁንም ሱቁ ውስጥ ናቸው። ደረታቸው ደህና ነው። ደንበኛ ሲገባ እኔ ቁልፍ አሳያለሁ፣ እሳቸው ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ቸኩሎ ይወጣል። አብዛኛው ግን ይቀመጣል።